የኬኩ ጀርባ

«ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ ወይስ ከአባትሽ ጋር ትቀሪያለሽ?»

እናቷ ይህን ስትጠይቅ ፊቷን አላዞረችም። በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ያለውን የኬኩን የታችኛውን ደረጃ በግራ እጇ ቀስ እያለች ታዞራለች፤ በቀኝ እጇ የያዘችው ረጅም ቢላዋ ደግሞ ነጩን የቅቤ ክሬም እያለሰለሰ ይከተላል። ሳህኑ አንድ ዙር ዞረ። ሌላ ዙር ዞረ። ሚጡ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ የቢላዋውን ጫፍ ታያለች።

መልሱን አታውቀውም ነበር። ፈተና ላይ የማታውቀው ጥያቄ ሲገጥማት ዘልላው ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ አስተማሪዎቿም እንደዚያ አድርጉ ይሏቸዋል። እዚህ ግን የሚቀጥል ጥያቄ አልነበረም። ያለው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

«ካንቺ ጋር ነዋ!» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ከማን ጋር እሆናለሁ?»

ቢላዋው ቆመ። እናቷ ግንባሯን በክንዷ ጠረግ አደረገች።

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አለች። ድምፅዋ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። «በይ ልብስሽን ቀይሪና የስኳር አበቦቹን ከመስኮቱ ላይ አንሺልኝ። ደርቀዋል መሰለኝ።»

ሚጡ አበቦቹን አንድ በአንድ ወደ ትሪው አነሳች። እናቷ ከስኳር ሊጥ እየዳመጠች የሠራቻቸው ናቸው፤ ቅጠላቸው በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ ከሥራቸው ያለው የጣት ጥላ ይታያል። አንዷ እጇ ላይ ተሰበረች። የተሰበረችውን አፏ ውስጥ ጨመረቻት። ጣፋጭነቷ እንኳ አልተሰማትም።

ችግሩ ከአንድ ቀን በፊት ለአባቷም ያንኑ መልስ መስጠቷ ነበር።

አባቷ ፎቶ አንሺ ነው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለችው ጠባብ ፎቶ ቤት የእሱ ናት። እሱ እንደ እናቷ ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚሄደው። ያን ዕለት ሚጡ ስትገባ ከደንበኞች ጀርባ የሚሰቀለውን ግራጫ መጋረጃ ብቻውን ሊያጥፍ ይታገል ነበር። አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ ዳቦ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው ሻይ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ላዩ ቆዳ አውጥቷል።

«እንግዲህ ይኼን ነገር ብቻዬን ማጠፍ መልመዴ አይቀርም» ብሎ ሳቀ። አፉ ሳቀ እንጂ ዓይኑ አልሳቀም።

ሚጡ የመጋረጃውን ሌላ ጫፍ አነሳች። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ አባዬ? እኔ የትም አልሄድም።»

መጋረጃውን አጥፈው ሲጨርሱ አባቷ ዳቦውን አንስቶ ቀሪውን በላው።

ወላጆቿ አልተጣሉም ነበር። ቢጣሉ ይሻል ነበር፤ ጠብን ሽማግሌ ያስታርቀዋል። እነሱ ቤት የገባው ዝምታ ነው። ሰዉ ሁሉ በየስልኩ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ፎቶ ቤቷ ጭር አለች። እናቷ በሌላ ከተማ አንድ ትልቅ ኬክ ቤት ሥራ አገኘችና፣ «አብረን እንሂድ» አለች። አባቷ፣ «ፎቶ ቤቴን ዘግቼ የሰው በር አላንኳኳም» አለ። እናቷም፣ «እኔ ደግሞ ማንም የማያንኳኳውን በር ስጠብቅ አላረጅም» አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት በሚጡ በኩል ነው።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ እራት ቀርቧል።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ አልራበኝም።»

ይህን የሚባባሉት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው።

እናቷ በጠየቀቻት ማግስት በእረፍት ሰዓት ሚጡ ጉዳዩን ለጓደኛዋ ነገረቻት። ይህቺ ጓደኛዋ የሰማችውን ሳታሰራጭ ስለማትውል ክፍሉ በሙሉ «ራዲዮ» ይላታል። የሚጡን ምስጢር ግን አውጥታ አታውቅም። ሁለቱ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ባለው ግንብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለሁለቱም እሺ አልሽ?» ራዲዮ ዓይኗ ፈጠጠ። «አንቺ፣ ደፋር ነሽ እኮ!»

«ፈሪ ብሆን ነው እንጂ።»

«አቦ አትጨናነቂ። ‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል› ይባል የለ? እነሱ እንደሆነ አይነጋገሩም። ማን ሊነግራቸው ነው?»

«ራዲዮ አጠገቤ ተቀምጣ?»

«ዛሬ ባትሪ ጨርሻለሁ» አለችና ራዲዮ አፏን በመዳፏ ከደነችው። ሚጡ ሳታስበው ሳቀች። ራዲዮ እጇን ስታወርድ ግን ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። «የእውነት ግን፣ ልብሽ ከማን ጋር ነው?»

ሚጡ የጫማዋን ጫፍ አየች። አንዳንድ ቀን በአዲሱ ከተማ ከእናቷ ጋር የምትኖርበትን ክፍል በሐሳቧ ታየዋለች። ማንም ምንም የማያውቅበት ትምህርት ቤት፣ ሁለት አልጋ፣ ስትነቃ የሚሸት ቫኒላ። ሐሳቡ ደስ ይላታል። ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቱ ያሳፍራታል።

«ልቤማ ኬኩ ሳያልቅ ቢቀር ይወዳል» አለች።

ኬኩ ግን አለቀ። እናቷ ሠርታ አባቷ ፎቶ የሚያነሳው የመጨረሻው የሠርግ ኬክ ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት እናቷ ትሄዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ደረጃዎች በሦስት ሣጥን ሆነው ወደ ሠርጉ አዳራሽ ተወሰዱ። ከአዳራሹ ጎን አንድ ትንሽ ክፍል አለች፤ ስስ ነጭ መጋረጃ ያለው ሰፊ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የተደራረቡ ወንበሮች። እናቷ ደረጃዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያም የስኳር አበቦቹን ከላይ እስከ ታች እንደ ሐረግ እየጠመዘዘች አወረደቻቸው። ስትጨርስ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ትንፋሿን ለቀቀች።

አሁን ተራው የአባቷ ነው።

አባቷ ኬክን በፍላሽ አያነሳም። «ፍላሽ ኬክን ሳሙና ያስመስለዋል» ይላል። እሱ የሚወደው ከድሮ ጀምሮ ያለውን፣ በቆርቆሮ ቆብ ውስጥ የሚበራውን ትልቅ አምፖል ነው። አምፖሉን ዝቅ አድርጎ ኬኩ ጎን ያስጠጋዋል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ክሬሙ ላይ ያለችው እያንዳንዷ መስመር የራሷን ትንሽ ጥላ ትጥላለች። «ነጭ ነገር የሚታየው በጥላው ነው» ብሎ ለሚጡ ያስተማራት ገና በወንበር ላይ ቆማ ጠረጴዛ የምትደርስ ልጅ ሳለች ነው። ጥላው እንዳይበዛ ደግሞ በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ይያዛል፤ ካርቶኑ ብርሃኑን መልሶ ይልከዋል። ከኋላ፣ ወንበር ላይ፣ የተጨማደደ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ይሰቀላል። በካሜራው ሲታይ ፎይልነቱ ይጠፋና ከሩቅ የሚበሩ ክብ ክብ መብራቶች ይመስላል። ወጥ ቤት ያለውን ወንፊት እንኳ አምፖሉ ፊት እየያዘ ግድግዳው ላይ የብርሃን ነጠብጣብ የሚያፈስበት ቀን አለ። እናቷ ድሮ፣ «ዱቄቴን በምን ልንፋ?» እያለች ስታሳድደው ሚጡ ታስታውሳለች።

ነገር ግን ጥሩው ብርሃን ቅርቡ ብርሃን ነው፤ ቅርቡ ብርሃን ደግሞ ይሞቃል፤ ቅቤ ሙቀት አይወድም። አባቷ አንድ ጊዜ ዓይኑን ካሜራው ላይ ከተከለ ሌላ ነገር አያይም። «አባትሽ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ‹ጎሽ፣ ጥሩ ብርሃን መጣ› ነው የሚለው» ትላለች እናቷ። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ደንብ አለው። ሚጡ በአንድ እጇ ነጩን ካርቶን ትይዛለች፣ ሌላውን እጇን በአምፖሉና በኬኩ መካከል ከፎቶው ውጭ ትዘረጋለች። የእጇ ጀርባ ሲሞቅ «ቅቤ!» ብላ ትጮኻለች። አባቷ ያጠፋል፤ እናቷ በሣጥኑ ክዳን ታራግባለች። ኬኩ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጀምራሉ። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው።

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ትንሽ ወደ ግራ ታዙረው» አለ አባቷ።

«እማዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ።»

«ለአባትሽ ንገሪው፣ ወደ ግራ ከዞረ አበባው አይታይም።»

«አባዬ፣ አበባው…»

«ሰምቻለሁ።»

አምፖሉ በራ። ኬኩ ከጎኑ ወርቅ መሰለ። አባቷ አነሳ፤ ደግሞ አነሳ። የሚጡ እጅ መሞቅ ጀመረ።

«ቅቤ!»

አባቷ አጠፋ፤ እናቷ አራገበች። ክዳኑ ስቶ የአባቷን አፍንጫ ሲመታው ሦስቱም ለአፍታ ተያዩ፤ ከእናቷ አፍ ሳቅ ሊያመልጥ ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ሚጡ ያቺን አፍታ በሁለት እጇ ይዛ ብታስቀራት በወደደች ነበር። ግን አለፈች። አባቷ አምፖሉን እንደገና አበራው።

በሩ ተከፍቶ ባለቁልፏ ገባች። የአዳራሹ ኃላፊ ናት፤ ወገቧ ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ጉንጉን ከእሷ በፊት ይሰማል። ኬኩን ስታይ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ወይ ጉድ! ሙሽራዋ ራሷ እንዲህ አላማረችም። ይኼን በቢላዋ የሚቆርጥ ጨካኝ መሆን አለበት» አለች። እናቷ ፈገግ አለች። «ግን ምነው፣ ልትሄዱብን ነው አሉ? እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እኔና ልጄ በሚመጣው ሳምንት እንሄዳለን።»

አባቷ ዓይኑን ከካሜራው ላይ አነሳ። እንዲህ ሲያደርግ ሚጡ አይታው አታውቅም፤ ገና ፎቶ ሳይጨርስ፣ አምፖሉ እየበራ።

«የትኛዋ ልጅ?» አለ።

በሚጡ በኩል አልነበረም። በቀጥታ ነው የጠየቀው።

«ስንት ልጅ አለን?» አለች እናቷ።

«ሚጡ የትም አልሄድም ብላኛለች።»

«እኔን ‹ካንቺ ጋር ነኝ› ብላኛለች።»

«መቼ?»

«አንተስ መቼ?»

ባለቁልፏ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየች። «እኔ… ወንበሮቹን ልያቸው እስቲ» ብላ ወጣች። ቁልፎቿ በኮሪደሩ ሲንኳኩ እየራቁ ሄዱ።

ሁለቱም ወደ ሚጡ ዞሩ። የዘረጋችው እጇ መቼ እንደወረደ አታውቅም። ነጩን ካርቶን ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ለጥፋዋለች።

«ሚጡ?» አለ አባቷ።

«ተናገሪ እንጂ» አለች እናቷ። «ከሁለታችን የዋሸሽው ማንን ነው?»

ሚጡ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን የአምፖሉን ገመድ ታያለች። ማንንም አልዋሸሁም ልትል ፈለገች። መጋረጃውን ስትይዝ አባቷን ያለችው እውነት ነበር። ቢላዋው ሲቆም እናቷን ያለቻትም እውነት ነበር። ሁለቱ እውነቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ነው ውሸት የሆኑት። ይህን እንዴት ብላ ትናገረው? አምፖሉ ይበራል። ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ማንም አልሰማውም።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ትንሽ ድምፅ ነው፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። የስኳር አበባ ነበር።

ሚጡ ቀና አለች። በአምፖሉ በኩል ያለው የኬኩ ጎን ላብ አልቦታል፤ ክሬሙ እየተንሸራተተ ነው። ሁለተኛ አበባ ወደቀ። የላይኛው ደረጃ ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ጭንቅላት፣ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ።

«ቅቤ!»

የጮኸችው ሚጡ አልነበረችም። እናቷ ናት።

«ያዘው! ያዘው እንጂ!»

አባቷ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ግን ኬኩን ሳይነካው አየር ላይ ቀሩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ኬክ በእጁ ነክቶ አያውቅም። እናቷ እየሮጠች ሁለት መዳፏን ክሬሙ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን በደረቷ አስደግፋ ያዘችው። ሚጡ ገመዱን ከሶኬቱ መንጭቃ ነቀለች።

«በረዶ! ከወጥ ቤቱ በረዶ አምጪ፣ ሩጪ! መስኮቱን ክፈቱት!»

ሚጡ ሮጠች። በባልዲ በረዶ ይዛ ስትመለስ አባቷ ያው ቦታ ላይ ቆሟል፤ ካሜራው አንገቱ ላይ ይወዛወዛል።

«ምን ላድርግ?» አለ።

እናቷ በትሪው ላይ በረዶ ደርድራ ደረጃው ሥር አስጠጋች፣ የቀለጠውን በቢላዋ ጠረገች፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተረፈው ክሬም ወስዳ ቀባችው።

«ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ቁም» አለችው። ቁጣ አልነበረበትም። «ዝም ብለህ ቁም።»

እሱም ቆመ። ሚጡ በረዶውን እያቀበለች አልፎ አልፎ ታየዋለች። ትልቅ ሰው ነው፤ የሠርግ ዕለት የሚለብሳት ጃኬት ትከሻው ላይ ሰፍታዋለች። እናቷ ሳታቋርጥ ትሠራለች። እንባዋ እየወረደ ነው፤ እጇ ግን የሚያደርገውን ያውቃል።

ፊቱና አንዱ ጎን ተረፈ። በአምፖሉ በኩል የነበረው ጎን ግን እስከ ጀርባው አልተረፈም። ዝናብ የላጠው ግድግዳ መስሎ ቀረ፤ ተጠባባቂ የነበሩት አበቦችም ተሰባብረዋል። እናቷ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከዚያ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጥታ የሙሽራዋን እናት ይዛ መጣችና የተበላሸውን አሳየቻት። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጀርባውን ማን ያየዋል» አለች በመጨረሻ፤ ስትወጣ ግን በሩን ከመጠን በላይ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

«አንሳው እንግዲህ» አለች እናቷ።

አባቷ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አደረገ፤ መልሶ አወረደው። «በጎን ካበራሁበት የተጠገነው ሁሉ ይታያል። ከፊት ካበራሁበት ሳሙና ይሆናል።» ሚጡን አያት። እሷን ያያት እንደ ልጅ አልነበረም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው አቅጣጫ እንደሚጠይቅ ነው።

ሚጡ መስኮቱን አየች። «ከኋላስ?» አለች። «ጠረጴዛውን መስኮቱ ጋ ብንወስደው?»

ሦስቱም ጠረጴዛውን አንስተው፣ እርምጃቸውን እየጠበቁ፣ ኬኩን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ጀርባው ወደ ውጭ ሆነ። ስሱን መጋረጃ አወረዱት። የቀኑ ብርሃን በመጋረጃው ተጣርቶ ከኋላ ሲመጣ ኬኩ ጨለመ፤ የስኳር አበቦቹ ግን በሩ። ቅጠላቸው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ውስጣቸው ገብቶ እነሱ ራሳቸው የሚያበሩ መሰሉ። ሚጡ ነጩን ካርቶን ከፊት ዝቅ አድርጋ ያዘች፤ ትንሽ ብርሃን ተመለሰና የክሬሙ ጠርዝ እንደ ማለዳ ሰማይ ተገለጠ። እናቷ ማንም ሳይነግራት የስልኳን መብራት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጀርባ ያዘች። በጠረጴዛው ልብስ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ ብርሃን ተንቀጠቀጠ።

አባቷ አነሳ።

በካሜራው ትንሿ ስክሪን ላይ ሦስቱ ራሶች ተጠጋግተው አዩት። ከዚያ በፊት አንስቶት ከሚያውቀው ኬክ ሁሉ ይበልጣል።

«በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ኬክ ይመስላል» አለች እናቷ።

ማንም አልሳቀም።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መወጣጫ ደረጃ ላይ ሁለቱ ተቀመጡ፤ እናቷና ሚጡ። ከውስጥ የወንበርና የሳህን ድምፅ ይመጣል። አባቷ በትንሿ ክፍል ውስጥ ዕቃውን ይሰበስባል፤ በሩ ክፍት ነው። አምፖሉ መትረፉን ለማየት እንደገና ሰክቶት ነበር። እየበራ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ረስቶታል። የካሜራውን ክዳን ከጠረጴዛው ሥር፣ ከወንበሮቹ መካከል፣ ከሣጥኖቹ ውስጥ ይፈልጋል። ክዳኑ በገዛ እጁ ውስጥ ነው።

ሚጡ ተነስታ ገባች። ገመዱን ነቀለች። አባቷ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ተመልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«አንቺ አምፖሉን ራስሽ ታጠፊያለሽ። እሱ ግን…»

እናቷ ጥፍሯ ሥር የደረቀውን ክሬም ትፍቅ ነበር። መፋቋን አቆመች። ነገሩ ሲገባት ሚጡ ከፊቷ አየችው፤ ከአገጯ ጀምሮ ወደ ላይ።

«ይኼ ያንቺ ሸክም አይደለም፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ትልቅ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስለ ኬኩ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሦስታችንም ነበርን እዚያ።»

«ስለ ኬኩ አይደለም።»

«ከእኔ ጋር መሄድ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ» አለች ሚጡ። «በጣም እፈልጋለሁ።»

እናቷ እቅፍ አደረገቻት። ቀሚሷ ቫኒላና ላብ ይሸታል። ልታስገድዳት ትችል ነበር። ልታለቅስባት ትችል ነበር። የተናገረችው ሌላ ነው።

«ምሳ ካልበላ አትቆጪው» አለች። «ፊቱ አስቀምጪለትና ዞር በይ። ሰው ካላየው ይበላል።»

«እሺ።»

«አንቺም ብዪ።»

«እሺ፣ እማዬ።»

እናቷ የሄደችበት ዕለት ማለዳ ብርድ ነበር። አባቷ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። እናቷ የሚሽከረከረውን ሳህን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገቢው ቢሏት እምቢ አለች። መስኮቱን ከፍታ የሚጡን እጅ ይዛለች።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አለ አባቷ፣ «መስኮቱን ትዝጋው፤ ብርድ ነው።»

ሚጡ ግን፣ «ራስህ ንገራት» አለችው።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መስኮቱን ዝጊው» አለ። «ይበርድሻል።»

እናቷ አየችው። የሚጡን እጅ ለቀቀችና መስኮቱን ዘጋችው። አውቶቡሱ ሲነሳ መስታወቱ ላይ የሚታየው የሰማዩ ነጭ ብቻ ነበር፤ ፊቷ አይታይም።

ፎቶው ፎቶ ቤቷ መስኮት ላይ ተሰቅሏል። አላፊ አግዳሚው ይቆምና ያየዋል። አንዳንዱም ገብቶ፣ «ይኼን ኬክ የት ነው የሚሠሩት?» ብሎ ይጠይቃል። አባቷ ወደ ሚጡ ዞር ይላል፤ ሚጡም፣ «አሁን እዚህ አይሠራም» ትላለች። ሰዎቹ አመስግነው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትልቁ አምፖል ባዶ ወንበር ላይ ሲበራ አገኘችው። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ካሜራውን ይወለውላል። ቆርቆሮው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሚጡ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ቅቤ!» አለች።

አባቷ ደንግጦ ዞረና አጠፋው። ከአምፖሉ ብርሃን በኋላ ክፍሉ በጣም የጨለመ መሰለ። ሚጡ በዳበሳ ሄዳ ምሳውን ፊቱ አስቀመጠችለትና ዞር አለች።

እናቷ ሄደች። ሚጡና አባቷ ቀሩ።